በረዶ የሆነው ኢንሱሊንና ያልተሟሸው ማሰሮ

«አንቺ ልጅ፣ ክፍል የምትመጪው ልትማሪ ነው ወይስ የሽንት ቤቱን መንገድ ልትደለድዪ?» አለኝ የፊዚክስ መምህራችን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በአንድ ክፍለ ጊዜ እጄን ሳወጣ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር፤ ሌላ ምን ይበል? እጄን ግን አላወረድሁም። መውጣት ነበረብኝ።

የሕመሜ መጀመሪያ ይኸው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ሽንዲ ከተማ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ፣ ስንቄን ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር እያመጣሁ እማራለሁ። ውሃ እጠጣለሁ፣ እሸናለሁ፣ ተመልሼ እጠጣለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «ጀሪካኑን የምታራቁችው አንቺ ነሽ» ብለው የውሃ መቅዳት ተራዬን በእጥፍ አደረጉብኝ። የማልበላው ምግብ አልነበረም፤ ቀሚሴ ግን በየሳምንቱ ይሰፋኝ ጀመር። ለፈተና ስለማጠና መስሎኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው «ስኳር አለባችሁ» ተብላችሁ መብራት ወደሌለበት ቤት ለምትመለሱ ሰዎች ነው። ፍሪጅ ያላችሁም አንብቡት። እኔን ሊገድለኝ የነበረው ፍሪጅ ነው።

ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት ከመኝታዬ ተነሥቼ መቆም አቃተኝ። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ጣቴን ወጉኝ። የስኳር መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ «ሃይ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አሳየ። መለካት ከምችለው በላይ ነው ማለቱ ነው። በዚያው ቀን በአምቡላንስ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ሆስፒታል ገባሁ።

«ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ነው» አለ ሐኪሙ። «ቆሽቷ ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል። ከዛሬ ጀምሮ ዕድሜ ልኳን በመርፌ ትወስዳለች።»

«ስኳር?» አለች እናቴ። «ጌታው፣ እኛ ቤት ስኳር የሚገባው ለክርስትና ነው!» ቀና ስትል ደግሞ ክንዴ ላይ የተሰካውን፣ ከብረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት አየች። «ስኳር ሊገድላት ነው ትላላችሁ፣ መልሳችሁ ግሉኮስ ትሰቅሉባታላችሁ?»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እናቴ፣ ሰው ሁሉ ግሉኮስ ይለዋል እንጂ ይሄኛው ጨውና ውሃ ነው። ደርቃለች፤ እያጠጣናት ነው።»

መርፌውን ያስተማረችኝ የስኳር ክትትል ክፍሏ ነርስ፣ ሲስተር አዲስ ናት። ሆዴን ቆንጥጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስወጋ መርፌውን ጦር እንደሚወረውር ሰው ሰነዘርሁት። «ለራስሽ ነው እንጂ ለጠላትሽ አይደለም፤ ቀስ» አለችኝ። ከመውጣታችን በፊት ለእኔና ለአባቴ አስረዳችን። ኢንሱሊንን ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶም ያበላሸዋል፤ ያልተከፈተው ፍሪጅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳይገባ። የእኔ ግማሽ ልቤ ገና አልጋው ላይ ነበር። አባቴ ይዞ የወጣው «ቀዝቃዛ ይወዳል» የሚለውን ብቻ ነው።

እኛ ቤት መብራት የለም። ከዘመድ ሁሉ ፍሪጅ ያላቸው የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ቡሬ በርበሬ ይነግዳሉ። ስለዚህ ሆስፒታሉ የሚሰጠኝ የሁለት ወር ብልቃጥ እሳቸው ጋ ይቀመጥና እኔ አንዱ ሲያልቅብኝ ሄጄ አንድ እወስዳለሁ። የአሥራ ሁለተኛን ፈተና በዚያው አቅሜ ተፈተንሁ፤ ውጤት አልመጣልኝም። ከሽንዲ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ወደሆነው ቤታችን ተመለስሁ። መቀመጥ አልወድም። መርዓዊ በኩል፣ ቆጋ መስኖ ላይ፣ አንድ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሽንኩርት ሲመዘን የሚመዘግብ ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁና አመለከትሁ። ከፋሲካ በኋላ ነይ አሉኝ። ቀን እየቆጠርሁ ነበር።

አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ የስኳር መለኪያ ላከልኝ። ማሽኑ ያምራል። ከስልክ ጋር ይነጋገራል፣ ሥዕል ይሠራል፣ ድምፅ አለው። ደም የሚነካበት ስትሪፕ አንድ ሳጥን አብሮት መጣ፤ ስለሰሰትሁለት ሁለት ወር ቆየልኝ። ከዚያ ሽንዲ ጠየቅሁ፣ ቡሬ ጠየቅሁ፣ ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤቶቹን ሁሉ ዞርሁ። ለእሱ የሚሆን ስትሪፕ የለም። የሌላ ማሽን ስትሪፕ ሞልቷል፤ የእሱ ግን የለም። ማሽኑ ዛሬም ሳጥኑ ውስጥ ነው። አሁንም ያምራል።

ዐቢይ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ቡሬ ሄጄ አዲስ ብልቃጥ ወሰድሁ። እትዬ ጥሩወርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «አደራ፣ ጸሐይ እንዳያገኘው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

በሦስተኛው ቀን አፌ ደረቀ። በአራተኛው ሌሊቱን ሙሉ ስወጣና ስገባ አደርሁ። እናቴ ጠዋት በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ማር ቀምሰሻል።»

«አልቀመስሁም።»

«ስመኝ! ያባትሽን ማር ነክተሻል።»

«በእመቤቴ አልነካሁም አልሁ እኮ!»

አባቴ ሄዶ ማሩ ያለበትን ጓዳ ቆለፈው። ከጥማቱ ይልቅ ያ ቁልፍ አመመኝ።

መጠኑን ጨመር አድርጌ ወጋሁ። ምንም የለም። ምግብ ቀነስሁ። ምንም የለም። መለኪያው ስትሪፕ ስለሌለው ስኳሬ ስንት እንደሆነ አላውቅም። በሰባተኛው ቀን አስመለሰኝ። በስምንተኛው ትንፋሼን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ዳገት እንደሮጠ ሰው ተኝቼ አለከልካለሁ። ትንፋሼ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ልትጠይቀኝ የመጣች ጎረቤት ጠጋ ብላ አሸተተችኝና «ይቺ ልጅ በጾም አረቄ ጠጥታለች እንዴ?» አለች። ሰማኋት። መመለስ ግን አልቻልሁም።

በዘጠነኛው ቀን አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሽንዲ አደረሱኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። የማስታውሰው የፍኖተ ሰላሙን ሆስፒታል ጣሪያና የዚያኑ ሐኪም ፊት ነው።

«መርፌሽን ካቋረጥሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«አላቋረጥሁም።»

«ኬቶአሲዶሲስ ውስጥ ነሽ። ደምሽ አሲድ ሆኗል። መርፌ በትክክል የሚወስድ ሰው እንዲህ ሆኖ አይመጣም። እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።»

«አላቋረጥሁም!»

አለቀስሁ። እንባ አልወጣኝም። ለእንባ የሚሆን ውሃ እንኳ ሰውነቴ ውስጥ አልነበረም። እናቴ ደግሞ ከጎን ሆና «ማር ትቀምሳለች፣ ዶክተር» ትላለች።

ሁለት ቀን በክንዴ ፈሳሽ፣ በየሰዓቱ ኢንሱሊን፣ በየሰዓቱ ጣት መወጋት። ነፍሴ ስትመለስ ሲስተር አዲስ አልጋዬ ጫፍ ቆማ ነበር። ሌሎቹ ያልጠየቁትን እሷ ጠየቀች። «የምትወጊውን አሳዪኝ።» እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ብልቃጡን ሰጠቻት። ሲስተር በመዳፎቿ መሃል አንከባለለችው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። እኔም አየሁ። ነጭ ፍርፋሪ የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ፍርፋሪውን ቤትም አይቼው ነበር፤ ይሄ ዓይነቱ ኢንሱሊን ዱሮም ድፍርስ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም።

«ይሄ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ከቡሬ ደረሱ። ሲስተር ብልቃጡን ኪሷ ውስጥ ይዛ ነበር የጠበቀቻቸው።

«እትዬ፣ ይሄን መድኃኒት የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነዋ! ምነው?»

«ፍሪጁ የቱ ጋ?»

«ላይ፤ በረዶ የሚሠራው ጋ። ዱሮ እንኳ መሃል ላይ ነበር። ጾም ሲገባ ቅቤ ይረክሳል፣ ለፋሲካ ብዬ ገዝቼ መሃል ላይ አስቀመጥሁ። ታዲያ የልጄን መድኃኒት ከቅቤ ጋር ላጎራብተው? ጿሚ ናት። ሰውነቷ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ቅቤ እንዳይነካው ብዬ ወደ ላይ አወጣሁት። እዚያ ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ይወዳል ብላችሁኝ የለ?»

ሲስተር አዲስ በረዶ ኢንሱሊኑን እንደሚገድለው ቀስ ብላ ስትነግራቸው እትዬ ጥሩወርቅ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። «ገደልኋት በሉኛ» አሉ።

«አልሞተችም። ይነሡ፤ መሬቱ ቆሻሻ ነው» አለች ሲስተር።

እኔ ጣሪያውን አየሁ። ልቆጣ ፈለግሁ። በማን? ጾሜን ሊጠብቁልኝ ብለው ነው። ዘጠኝ ቀን በሰዓቱ ወግቻለሁ። በትክክል ቀድቻለሁ። ሆዴን በሳስቻለሁ። ያስገባሁት ግን የሞተ ውሃ ነበር። የተበላሸ ወተት ይሸታል፣ የተበላሸ ወጥ ይሻግታል። ይሄ ዝም ይላል። ያ ዝምታው እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ዛሬም አዲስ ብልቃጥ ስከፍት መጀመሪያ ወደ ብርሃን አነሣዋለሁ።

እናቴ ማታ እግሬን ይዛ ተኛች።

ከሳምንት በኋላ ልወጣ ስል ሐኪሙ «ከእንግዲህ ፍሪጅ ካለበት ቤት አትርቂ። ቡሬ አክስትሽ ጋ ኑሪ፤ አሁን አውቀዋል» አለኝ። ቆጋ ያለውን ሥራ ነገርሁት። የምከራየው ቤት ፍሪጅ እንደሌለው፣ የሚቀጥረኝ ማኅበርም እንደማያመጣልኝ ነገርሁት። «እንግዲያው አትሄጂም» አለ።

«ዕድሜ ልኬን?»

እሱ ካርዴ ላይ መጻፉን ቀጠለ።

«ይሄማ ቀዝቃዛ እስር ቤት ነው» አልሁት። አባቴ «ኧረ አፍሽን!» ብሎ ጎሸመኝ። ሐኪሙ ግን አልተቆጣም። ይልቅ ሲስተር አዲስ ነበረች ጣልቃ የገባችው። ቆላ ያደገች ናት። ትንሽ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ በመካከላቸው አሸዋ ተሞልቶ፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ሲጠጣ፣ ውሃው በማሰሮው ቆዳ በኩል እየተነነ ውስጡን እንደሚያቀዘቅዘው ነገረችን። መብራትም ሞተርም አያስፈልገውም፤ ጥላና ነፋስ ይበቃዋል። በአንዳንድ ሞቃት አገር ስኳር ያለባቸው ሰዎች እንደሚጠቀሙበትም ነገረችን።

«በወሬ አልፈቅድም» አለ ሐኪሙ። «ኢንሱሊንሽን ለጊዜው አክስትሽ ጋ፣ መሃል መደርደሪያ ላይ አድርጊ። ማሰሮውን ባዶውን ሞክሪው። የውጭውንና የውስጡን ሙቀት ለአንድ ወር ጠዋትና ቀትር ላይ በደብተር መዝግበሽ አምጪልኝ። ያኔ እንነጋገራለን።» ሲስተር ትንሽ ቴርሞሜትር ሰጠችኝ።

ያን ወር እኔ ራሴ ቡሬ እየኖርሁ፣ ማሰሮውን እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ፣ ከሾላው ሥር ላስቀምጠው ወሰንሁ። እናቴ ሁለቱን ማሰሮዎች ከገጠር ገዝታ በአህያ ይዛልኝ መጣች። አሸዋ ሞላሁ፣ አጠጣሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንሁ። ቀትር ላይ ለካሁ። ውጭ ሃያ ዘጠኝ፣ ውስጡ ሃያ ስምንት። በማግሥቱም እንደዚያው። አሸዋው ረጥቦ ቁጭ ብሏል፤ የማሰሮው ውጭ ደግሞ ደረቅ አጥንት ነው። አምስት ቀን ያንኑ ቁጥር ጻፍሁ። እትዬ ጥሩወርቅ «በቃ ተዪው፤ እዚሁ ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ» አሉ። ደስ ሳይላቸው አልቀረም። እኔ ግን ቀኑ እየገፋብኝ ነበር።

ማሰሮውን ተሸክሜ ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሄድሁ። እማማ ብርቄ ይባላሉ፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው ቤታቸው። በእኛ አገር ከሸክላ ሠሪ ማሰሮ ገዝቶ ቤቷ የማይገባ ሰው ብዙ ነው፤ እናቴም «ደጃቸው ላይ ሆነሽ ጠይቂ፣ እንዳትገቢ» ብላኛለች። ፀሐይ ስለነበር ገባሁ። እማማ ብርቄ ማሰሮውን ገለበጡት፣ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፣ አሸተቱት፣ ሳቁ።

«ማን ነው ያሟሸው?»

እናቴ ናት። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? በእኛ ቤት አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ አይገባም። በእሳት ታሙቀዋለች፣ በጎመን ዘር ታሸዋለች፣ ውሃ የማያሳልፍ ታደርገዋለች። እጇ የለመደው ነው፤ ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልከለከላትም።

«ቆዳውን በቅባት ደፍናችሁበት ከየት አምጥቶ ያልበው?» አሉ እማማ ብርቄ። «እኔ የማያፈስ ሥሪልኝ እየተባልሁ አረጀሁ። የሚያልብ ሥሪልኝ ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ጭቃው ውስጥ ገለባ ላብዛበት፤ እሳቱ ገለባውን ሲበላው ቀዳዳ ቀዳዳው ይቀራል። ለቤት እንዳይሆን፣ ለወጥ እንዳይሆን፤ እንዲያልብ ብቻ። ብቻ ላንዲት ሴት እንዳታስነኪው፣ ታሟሸዋለች!»

በሁለተኛው ሳምንት አዲሶቹን ይዤ ተመለስሁ። ውሃ ባጠጣሁት በአንድ ሰዓት ውስጥ የማሰሮው ውጭ ጤዛ እንደወረደበት ቅጠል ረጠበ፤ ቀትር ላይ ቴርሞሜትሩን ሳወጣው ውጭ ሠላሳ አንድ፣ ውስጥ ሃያ ሁለት ይላል፤ አላመንሁትም፣ መልሼ ከተትሁት፣ ደግሜ አወጣሁት፣ ያው ሃያ ሁለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉልበቴም ከቁጥሮቹ ጋር የሚመለስ ይመስለኝ ነበር፤ ጠዋት ለክቼ፣ መርፌዬን ወስጄ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ለእትዬ በርበሬ ለቅሜ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ለክቼ፣ የቀረውን ቀን ቡሬን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስዞር እውላለሁ፤ ለወራት ከድቶኝ የነበረው ሥጋዬ ቀስ በቀስ ወደ ፊቴ ተመለሰ፣ ቀሚሴም ልክ ሆነልኝ።

ፋሲካ አለፈና ደብተሬን ይዤ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ሐኪሙ ገጹን አንድ በአንድ ገለጠ። «እነዚህ አምስት ቀናት ምን ሆነው ነው?» አለ።

«እናቴ ያሟሸችው ማሰሮ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያው ፊቱን ሰበሰበና ሁሉንም ዘርዝሮ ነገረኝ። ማሰሮው ፍሪጅ አይደለም። የሚቀመጥበት የተከፈተው፣ በመውጋት ላይ ያለሁት አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው፤ እሱም ከአንድ ወር እንዳያልፍ። ያልተከፈተው መርዓዊ ባለው ክትትል ክፍል ይቀመጥልኛል፤ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ክረምት ሲገባ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ማሰሮው ብዙ አያቀዘቅዝም፤ ያን ጊዜ ግን ሙቀቱም አይበረታም። «ሂጂ» አለኝ በመጨረሻ።

አሁን ለእናንተ ልናገር። መርፌያችሁን በትክክል እየወሰዳችሁ ጥማት ከተመለሰባችሁ ራሳችሁን ብቻ አትጠርጥሩ፤ ብልቃጡን በመዳፋችሁ አንከባልላችሁ ወደ ብርሃን አንሡትና እዩት። ፍርፋሪ ከያዘ ወይም ጥርት ያለ መሆን የነበረበት ከደፈረሰ አትወጉት፤ መጠን እጨምራለሁ ብላችሁ እንደ እኔ ቤት አትቀመጡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒታችሁን የሚያስቀምጥላችሁ ሰው ካለ በመልእክት አትተማመኑ፤ ሰውየውን ራሱን ይዛችሁ ነርሷ ፊት አቅርቡት። የስኳር መለኪያ ስትገዙ በመጀመሪያ ስትሪፑን ፈልጉ፣ ሰፈራችሁ የሚሸጠውን ስታገኙ ለእሱ የሚሆነውን ማሽን ግዙ። ከውጭ ወይም ከአዲስ አበባ የምትልኩልንም እንዲሁ፤ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን። ማሰሮ ከሠራችሁ መድኃኒቱን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ ቴርሞሜትር ሳትይዙ አትመኑት፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁም አትጀምሩ። እናቶች ደግሞ፣ ልጃችሁ «አልቀመስሁም» ስትል አንዴ እመኗት።

በቃሬዛ የተሸከሙኝን አራት ሰዎች፣ ሁሉም ጥፋቱን በእኔ ላይ ሲያደርግ ብልቃጡን አሳዪኝ ያለችውን ሲስተር አዲስን፣ ላብ የሚያልብ ሸክላ የሠሩልኝን እማማ ብርቄን አመሰግናለሁ። እማማ ብርቄ ቤት አሁን እናቴም ትገባለች። ከሌሎች ሦስት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ትእዛዝ መጥቶላቸዋል።

«ሂጂ» በተባልሁበት ቀን ከሆስፒታሉ ስወጣ፣ ከቡሬ አብረውኝ የመጡት እትዬ ጥሩወርቅ ቦርሳዬን ይዘው መናኸሪያ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። መኪናው ጋ ስንደርስ ቦርሳውን አልለቀቁም።

«ስመኝ፣ ፍሪጁን ባዶ አድርጌዋለሁ። ካሁን ወዲያ ሌላ ነገር አይገባበትም፤ ያንቺ ብቻ ነው። በየቀኑ እከፍተዋለሁ፣ አየዋለሁ። ቅሪልኝ።»

«ለመስቀል እመጣለሁ፣ እትዬ።»

«እንደገና ቢሆንስ?»

«እርስዎ ጋ ሆኜም ሊሆን ይችላል።»

ቦርሳውን ለቀቁልኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ወደ መርዓዊ የሚሄደው መኪና ለመሙላት አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። ገባሁ፤ ማሰሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። በሩ ተዘጋ።